ወፎቹን ይዩልኝ

ማህደር ወደ ጣሪያው የሚያወጣውን የብረት መሰላል ከያዘች በኋላ ሁልጊዜ ትንሽ ትቆማለች። ታዳምጣለች። ወፎቹ ከጮኹ ጥሩ ነው። ጫጩቷ የሞተባት ወፍ ብዙ አትጮኽም፤ አንድ ሁለት ቀን ዞራ ዞራ ትሄዳለች። ከሰኔ አጋማሽ ወዲህ ጩኸቱ በየጠዋቱ እየሳሳ መጥቷል። እሷም መሰላሉ ሥር የምትቆምበት ጊዜ ረዝሟል።

«ትናንት ስንት ነበሩ?» አሉ አቶ ተሻገር፣ የመጋዘኑ ጥበቃ።

«ስድስት።»

«ዛሬስ?»

«ገና አልወጣሁም እኮ፣ ጋሽ ተሻገር።»

«እሺ ውጪ። እኔ መሰላሉን ይዣለሁ።»

መሰላሉ ግድግዳው ላይ በብሎን የታሰረ ነው፤ ማንም ባይይዘው አይወድቅም። ማህደር ይህን ነግራቸው አታውቅም።

መጋዘኑ ግራንድ ፕሬሪ በምትባለው ከተማ ውስጥ ከተደረደሩት መጋዘኖች አንዱ ነው። ልዩ የሚያደርገው ጣሪያው ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ ነጭ ጠጠር ተነጥፎበታል። ተርን የሚባሉት ትንንሽ የባሕር ወፎች ከሰማይ ሲያዩት የወንዝ ዳር አሸዋ ይመስላቸዋል። ነጭ ናቸው፤ አናታቸው ጥቁር፣ ምንቃራቸው ቢጫ። አንዷ ብትመዘን የዶሮ እንቁላል አታህልም። የብርዱን ወራት በደቡብ ባሕር ዳርቻ ያሳልፉና በሚያዝያ መጨረሻ መጥተው ጠጠሩን በደረታቸው ጎድጎድ ያደርጋሉ፣ እንቁላላቸውንም እዚያው ይጥላሉ። ባሕሩ ከዚህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል። አቶ ተሻገር ይህን የሰሙ ቀን ለረጅም ጊዜ ስቀዋል። «የባሕር ወፍ ያለ ባሕር» አሉ። «እንደኛ በሥራ ፈቃድ ነው የመጡት።»

ማህደር ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ወደዚህ አገር የመጣችው በስድስት ዓመቷ ነው። ፍሪስኮ ከተማ ያለ አንድ ትንሽ የአካባቢ ጥናት ቢሮ ለዚህ የወፍ ወቅት ብቻ ቀጥሯታል። ሥራዋ ማየት፣ መቁጠርና መጻፍ ነው። መርዳት የለበትም፤ መንካት ደግሞ በሕግም ክልክል ነው።

የጣሪያው ጉዳይ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ጣሪያው ስለሚያፈስ ባለቤቶቹ ጠጠሩን አስነሥተው ለስላሳ ነጭ ፕላስቲክ ሊያለብሱት ነው። ቢሮው ብዙ ተከራክሮ አንድ ነገር አግኝቷል፦ በዚህ ዓመት ቢያንስ አንዲት ጫጩት በራሷ ክንፍ ከበረረች፣ የምሥራቁ ጥግ ጠጠር ሳይነካ ይቀራል። አንዲትም ካልበረረች ሁሉም ይነሣል። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ወፎች በመቶ ዲግሪ ፋራናይት ፀሐይ የሚግል ፕላስቲክ ያገኛሉ። የሕንፃው ኃላፊ ቶሚ በየቀኑ በአሥር ሰዓት ኮል ያደርጋል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰላም ካለ በኋላ የሚጠይቃት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የቀረ አለ ወይ?

ሃያ ሦስት ጫጩቶች ተፈልፍለው ነበር።

ማህደር ዓሣውን የምትለካው በወፏ ምንቃር ነው። አባት ወይም እናት ዓሣ ይዘው ሲመጡ በባይኖኩላር አይታ ትጽፋለች፦ ግማሽ ምንቃር፣ አንድ ምንቃር፣ ሁለት ምንቃር። በግንቦት መጨረሻ ከአሥር ዓሣ ስምንቱ አንድ ምንቃር ነበሩ፤ ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው የዝናብ ውሃ ኩሬ የሚመጡ፣ እንደ ስንደዶ የቀጠኑ ዓሦች። ከዚያ ሙቀቱ በፋራናይት መቶ አራት ገባና ሦስት ሳምንት ሙሉ አልወረደም። ኩሬው ወደ መሃሉ ሸሸ። አንድ ጠዋት ቀጫጭኖቹ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈው ተገኙ። የተረፉት ጎናቸው የሰፋ፣ ጀርባቸው እሾህ ያለው ዓይነት ናቸው። አሁን መዝገቡ ሁለት ምንቃር፣ ሦስት ምንቃር ይላል።

ዓሣ ነበረ። ጫጩት የሚውጠው ዓሣ ግን አልነበረም።

እንዴት እንደሚሆን ማህደር ደጋግማ አይታዋለች። እናትየው ጠፍጣፋ ዓሣ ይዛ ታርፋለች። ጫጩቷ በሙሉ አፏ ትቀበላለች፣ ታዞረዋለች፣ ይወድቅባታል። እናትየው ታነሣላታለች። እንደገና ይወድቃል። ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው በኋላ እናትየው ራሷ ትውጠውና ትበራለች። ጫጩቷ አፏን ከፍታ ትቀራለች። ሌሎቹ ወላጆች ቀጭን ዓሣ ፍለጋ እስከ ሐይቁ ይሄዳሉ፤ ደርሶ ለመመለስ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ፀሐይ አለች፣ ጉንዳን አለ፣ ጫጩት የሚለቅም ጥቁር ወፍ አለ።

ስለዚህ ማህደር መሰላሉ ጫፍ ስትደርስ ዓይኗን ቶሎ አትከፍትም። መቁጠርም የምትጀምረው ሁልጊዜ ጫጩት ከሌለበት ጥግ ነው።

ያን ቀን አምስት ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ በጥበቃው ክፍል ጥላ ሥር ተቀምጣ ውሃ ስትጠጣ፣ አቶ ተሻገር ከትንሿ ፍሪጅ ምሳቸውን አወጡ። የተጠበሰ ዓሣ በፎይል ተጠቅልሏል።

«ጾም ነው አላሉኝም?»

«የሐዋርያት ጾም ነው። ሐዋርያቱ ምን ነበሩ? ዓሣ አጥማጆች። ታዲያ ማን ይከሰኛል?»

«ቄሱ።»

«ቄሱ የሚኖሩት ጋርላንድ ነው። አያዩኝም።» ከዓሣው ቆርሰው ሰጧት። «እናንተ ጴንጤዎች ግን ጾም የሚባል አታውቁም።»

«እንጾማለን። ማለቴ፣ አናወራም እንጂ።»

«እሱስ እውነት ነው። እኛ ከምንጾመው የምናወራው ይበልጣል።»

አቶ ተሻገር ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። የጥገኝነት ኬዛቸው ዘጠኝ ዓመት ተጓቷል፤ ኢንተርቪዋቸው በነሐሴ ነው። እስከዚያ የትራፊክ ቲኬት እንኳ አልፈልግም ይላሉ። መኪናቸውን ፓርክ ካደረጉ በኋላ ወርደው መስመሩን ያያሉ፣ ተመልሰው ገብተው ያስተካክላሉ። ከመንግሥት ፖስታ ሲደርሳቸው ሳይከፍቱ ያመጡና ለማህደር ይሰጧታል። እስክታነብ ድረስ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመለከታሉ።

ሐሙስ ሦስት ቀሩ። ሦስቱም የአሥራ አንድ ቀን ልጆች ናቸው። ለመብረር ስምንት ቀን ያህል ይቀራቸዋል። የዚያኑ ቀን ቢሮው ለስብሰባ ፍሪስኮ ጠራት። ቀርታ አታውቅም፤ አልችልም ማለትም አልቻለችም። አቶ ተሻገርን መሰላሉ ሥር አገኘቻቸው።

«ጋሽ ተሻገር፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ልሄድ ነው። እስክመለስ ወፎቹን ይዩልኝ። እመሰላሉ ጫፍ ላይ ሆነው።»

«በደስታ» አሉ። «ሂጂ፤ አታስቢ።»

መንገዱ ተዘጋግቶ ሁለቱ ሰዓት አራት ሆነ። ስትመለስ አቶ ተሻገር ከጥበቃው ክፍል ወጥተው ጠበቋት፤ ፊታቸው በርቷል።

«አንዷ በልታለች» አሉ። «አፏን ከፍታ ስታለቅስ ነበር። አሁን ዝም ብላለች።»

ማህደር ቦርሳዋን መሬት ጣለች፣ መሰላሉን ያዘች። በዚህ ቀን አልቆመችም፣ አላዳመጠችም። ሁለት ጫጩቶች ከጭስ ማውጫው ጥላ ሥር ነበሩ። ሦስተኛዋ እመሰላሉ አጠገብ በጎኗ ተኝታለች። ከአፏ የዓሣ ጅራት ወጥቷል። ዓሣው ጀርባው ሰማያዊ፣ ሆዱ እንደ ብር የሚያበራ ነው። እንዲህ ያለ ዓሣ በኩሬው ውስጥ የለም፤ በሐይቁም የለም።

ቀስ ብላ ወረደች። እግሯ ሁለት ጊዜ ብረቱን ሳተ።

«ምን አበሏት?»

«ከራሴ ዓሣ። ጠዋት ከገበያ የገዛሁት፣ ገና ያልተጠበሰ። አንቺ አይደለሽ የባሕር ወፎች ናቸው ያልሽኝ? የኩሬው አልተስማማቸውም ብዬ የባሕር ዓሣ ሰጠኋት። እናቷ አርባ ደቂቃ ጠፋች፤ ቆጥሬያለሁ፣ እንዳንቺ በሰዓት። ከሁሉ ትልቁን መርጬ ነው ያጎረስኳት።»

«ለምን ትልቁን?»

«ታዲያ ትንሽ ጉርሻ ይሰጣል? ያውም ለሌላ እናት ልጅ?»

ማህደር ወደ ጣሪያው አመለከተች። «ሞታለች» አለች።

አቶ ተሻገር መጀመሪያ ያልሰሙ መሰሉ። ከዚያ እጃቸውን አዩ፤ ጣቶቻቸው ላይ ቅርፊት ነበረ። በሱሪያቸው ጠረጉት። እንደገና ጠረጉት።

«እንዲያዩአቸው ብቻ ነበር ያልኩዎት» አለች ማህደር። ድምፅዋ ከፍ እንዳይል ስትጠነቀቅ ተንቀጠቀጠ።

«አዎ። ይዩልኝ አልሽኝ።» ቀና ብለው አዩዋት። «ልጄ፣ እናትሽ ገበያ ስትሄድ ጎረቤቷን ልጆቼን ይዩልኝ ካለቻት፣ ጎረቤቷ ቆማ ታያለች? ሲርባቸውም?»

ቃሉ ከማህደር አፍ የወጣው በአማርኛ ነው፤ ውስጧ ግን የታሰበው በእንግሊዝኛ ነበር። እሷ ያለችው ዓይንን ብቻ ነው። እሳቸው የሰሙት አደራ ነው።

ቅጹ ላይ «የሞተችበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። ከሃያዎቹ ዘጠኙ ላይ የጻፈችው አንድ ዓይነት ነው፦ ዓሣው ለጫጩቷ ትልቅ ነበር። መኪናዋ ውስጥ ኤሲ ከፍታ ቅጹን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ይህንኑ ለአሥረኛ ጊዜ ብትጽፈው አንዲት ቃል ውሸት አይኖርባትም። ይህ ነው ያስፈራት፤ እውነት የሆነ ዓረፍተ ነገር እንዲህ አድርጎ መደበቂያ መሆን እንደሚችል አታውቅም ነበር።

ያን ጠዋት በስብሰባው ላይ ደግሞ አዲስ ነገር ተነግሯቸዋል፤ ዓሣ አፋቸው ውስጥ እንዳለ የሞቱ ጫጩቶች ከነዓሣው በበረዶ ሳጥን ይምጡ፣ ዓሣው ምን ዓይነት እንደሆነ ይታያል። የበረዶ ሳጥኑ አጠገቧ ወንበር ላይ ነው። ጅራቱን ይዛ ብትስበው ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። ከዚያ ባዶ አፍ ብቻ ይቀራል። እጇን ወደ ክዳኑ ሰደደች፤ ክዳኑ ላይ አስቀምጣ ቆየች።

እውነቱን ብትጽፍስ? ያልተፈቀደለት ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጫጩት ነክቷል። ቢሮው ጥናቱን ሊያቆም ይችላል። ጥናቱ ከቆመ፣ ከቀሩት ሁለቱ አንዷ ብትበርር እንኳ በረረች ብሎ የሚፈርም አይኖርም። አቶ ተሻገር ደግሞ ስማቸው ከሕግ መጣስ ጋር ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ ኢንተርቪዋቸው በነሐሴ ነው።

መስኮቱ ተንኳኳ። አቶ ተሻገር ናቸው። መስታወቱን አወረደች።

«ይጻፋል?» አሉ።

«ቦታ አለው።»

«ስሜም?»

«አላውቅም። ከጠየቁኝ...»

የጭነት መኪና በአጠገባቸው አለፈ።

«ሶ፣ ከጻፍሽው በደንብ ጻፊው። ስሜን እዚህ አገር ያላበላሸው የለም። ባጄ ላይ በአንድ ዓይነት ነው፣ ኬዜ ላይ በሌላ። አንቺ ደግሞ በሦስተኛ ከጻፍሽው ሦስት ሽማግሌ ነው የሚያባርሩት።»

ሳቁ። ማህደር ልትስቅላቸው ፈለገች፤ አልቻለችም። ከሄዱ በኋላ መስታወቱ ጠርዝ ላይ የእጃቸው ላብ ቀርቶ ነበር።

ዓሣውን አልሳበችውም።

ሌሊቱን አልተኛችም። ጠዋት ላይ በምክንያቱ ቦታ «ሰው ያጎረሰው ዓሣ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ስድስት መስመር ጨመረች። ከስድስቱ አምስቱ ስለ አንድ ቃል ነበሩ። ጥበቃውን ወፎቹን እንዲያይ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ አለች። በተናገርኩበት ቋንቋ ያው ቃል ሰውን ተመልከት ማለትም ነው፣ ተንከባከብ ማለትም ነው። የትኛው እንደሆነ አልነገርኩትም። አትመግብ፣ አትንካም አላልኩትም። ስህተቱ የእኔ ነው። ላከችው። ከዚያ ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠችው።

ዓርብ መልስ የለም። ቅዳሜ የለም። ስልኩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ገልብጣ ታየዋለች፤ ቶሚ ይሆናል፣ ወይም እናቷ፣ ወይም ማስታወቂያ። አቶ ተሻገር ምንም አልጠየቋትም። መሰላሉንም መያዝ ትተዋል፤ አሥር እርምጃ ርቀው ይቆማሉ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ወደ ጣሪያው ስትወጣ አንዷን በጉንዳን ተወርሳ አገኘቻት። አንዲት ቀረች።

ሰኞ መልሱ ደረሰ። ማህደር በጥበቃው ክፍል በር ላይ ቆማ እየተረጎመች አነበበችላቸው። ስህተቱ የመዝጋቢዋ ተብሎ ተይዟል። የጥበቃው ስም አያስፈልግም። ከእንግዲህ ከእሷ በቀር ማንም ወደ ጣሪያው እንዳይወጣ። የጀመረችውን እንድትጨርስ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ግን ሌላ ሰው ይፈለጋል።

አቶ ተሻገር ወደ ሌላ አቅጣጫ እየተመለከቱ ሰሙ። «ስለዚህ የተጻፈው ስም ያንቺ ነው» አሉ።

«የእኔ ነው።»

«በትክክል?»

«በትክክል። አንድ ፊደል አልሳቱም።»

«ታድለሽ» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ።

ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነበር። ሁለቱ ወላጆች በየአርባ ደቂቃው ከሐይቁ ይመላለሳሉ። ማህደር ሰዓቷን ይዛ ትቀመጣለች። ሠላሳ አምስት። አርባ። አርባ ሦስት ሲሆን ባይኖኩላሩን ታነሣለች። አርባ ስድስተኛው ላይ ነጭ ነጥብ በደቡብ በኩል ይታያታል። ጫጩቷ ግን በየቀኑ እያደገች ነበር። ማክሰኞ ያልዋጠችውን ዓሣ ረቡዕ ዋጠች፤ አንገቷ እየተለጠጠ፣ ዓይኗ እየተጨፈነ። ሐሙስ ክንፏን ዘርግታ ጠጠሩ ላይ ሮጠች። ነፋስ አነሣትና አንድ ክንድ ያህል ወደፊት አሳረፋት።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ወደ ጣሪያው ጠርዝ ሮጠች። ማህደር ባይኖኩላሩን ሳታወርድ «አይሆንም» አለች፣ ለራሷ። ጫጩቷ ግንቡ ላይ ወጣች፣ ክንፏን ከፈተች፣ ጠፋች።

ማህደር በሆዷ ተኝታ ወደ ታች አየች። ጫጩቷ አልሞተችም፤ እየተወዛወዘች የጭነት መኪናዎች የሚቆሙበት ግቢ መሃል አርፋለች። አስፋልቱ ላይ እንደ ወደቀ ወረቀት ነጭ ናት። ከእሷ በስተጀርባ አንድ ረጅም ትራክ እየጮኸ ወደ ኋላ ይመጣል። ሹፌሩ ሊያያት አይችልም።

«ጋሽ ተሻገር!»

አቶ ተሻገር ግቢው በር ላይ ነበሩ። ጣቷ የሚያመለክትበትን አዩና ሮጡ። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ሲሮጥ ያየችው ሰው የለም። የትራኩን ጎን በመዳፋቸው ደበደቡት። ትራኩ በድንገት ቆመ። ሹፌሩ በመስኮት ወጥቶ ተሳደበ። አቶ ተሻገር በጎማውና በጫጩቷ መካከል ቆሙ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አዙረው ቀኙን በግራቸው ያዙት፤ አጥብቀው ያዙት። ቁልቁል እየተመለከቱ ቆሙ። አልጎነበሱም።

በሰማይ ላይ እናትየው መጣች። ቀጭን ዓሣ ይዛለች። ወረደች፣ ሰውየውን አየች፣ ተመልሳ ወጣች። እንደገና ወረደች።

«ይራቁላት!» ጮኸች ማህደር። «እርስዎን ፈርታ ነው!»

«ከራቅኩ ይነዳል!»

ሁለተኛ ትራክ በር ላይ ደርሶ ጥሩምባውን ነፋ። ሦስተኛው ቀጠለ። ቶሚ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ከቢሮው ወጣ። አቶ ተሻገር ወደ ሹፌሩ ፊታቸውን አዞሩ። ምን እንዳሉት ማህደር አልሰማችም፤ ነገር ግን ሰውየው ስድቡን አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። ያኔ አቶ ተሻገር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ሌላ አንድ። ጫጩቷ አፏን ከፍታ ጮኸች። እናትየው አስፋልቱን ሳትነካ ዓሣውን አፏ ውስጥ ጣለችላትና ተነሣች።

ጫጩቷ ዋጠችው። ለተወሰነ ጊዜ ምንም አልሆነም፤ ማህደር አስፋልቱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ አሰበች፣ ማሰቡንም ተወችው። በር ላይ ያለው ትራክ እንደገና ጥሩምባውን ነፋ። ጫጩቷ ደንግጣ ክንፏን መታች፣ ተነሣች፣ ከጎማው ከፍታ በላይ፣ ከቶሚ ራስ በላይ፣ አጥሩን ለጥቂት አልፋ፣ እናቷን ተከትላ ወደ ኩሬው በኩል ሄደች።

ቶሚ ስልኩን ከጆሮው አወረደ። ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ ያቺ ናት ወይ ብሎ ጠየቀ። ማህደር ራሷን ነቅንቃ አዎ አለች። ከዚያ እርሳሷን አንሥታ ሰዓቱን ጻፈች።

ታች ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ መግባት እችላለሁ ወይ ብሎ በእጁ ጠየቀ። አቶ ተሻገር ግባ ብለው ምልክት ሊሰጡት ይገባ ነበር፤ ሥራቸው ነው። አስፋልቱን ዙሪያውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ እንደገና አስፋልቱን አዩ። እጃቸውን ከኋላቸው ለመፍታት ገና አልደፈሩም።